ኳሷን ስላላየናት ይቅርታ እንጠይቃለን

ለክቡር አቶ ኃይለመለኮት
የብሔራዊ ጎልቦል አስተባባሪ ጉባኤ ሊቀ መንበር
ሰንጋ ተራ፣ ሊፍቱ የማይሠራው ሕንፃ፣ ስምንተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ከረመ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይም በባሕር ማዶው ውድድር ላይ ስለ እኛ ሲሉ የጎረነነው ድምፅዎ እንዴት ሆነልዎ? ማርና ዝንጅብል ይወስዱ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ድምፅዎ ከመጪው ውድድር በፊት ባይመለስ ደስ ይለኛል ለማለት ስለማልደፍር፣ ሙሉ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ብቻ አልፋለሁ። እኛ በልደታ የምንገኝ ተጫዋቾችዎ ከእርስዎ ውሳኔ በስተቀር ደህና ነን።

ማን እንደጻፈልዎ ግራ እንዳይገባዎ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ሠርካዲስ ገብረየሱስ ይባላል። በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ፤ እርስዎ በሚመሩት ጉባኤ ሥር ያለው የሴቶች ጎልቦል ቡድን የመሐል ተከላካይም ነኝ፣ ወይም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ነበርኩ። በቀኜ ቢልቂስ፣ በግራዬ መይሙና ይጫወታሉ። ክቡርነትዎ ሦስታችንንም «ልጆቼ» እያሉ ስለሚጠሩን ስማችንን ለመያዝ ጊዜ ያገኙ አይመስለኝም። መይሙና የራሷ ልጆች አሏት፤ ቢልቂስ ደግሞ ከእርስዎ ብዙም አታንስም፣ ግን «ልጄ» ሲሏት ስለምትደሰት አደራ እንዳይነግሩብኝ።

ይህን ደብዳቤ አደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በመጀመሪያ በእጅዎ ልሰጥዎ ብዬ ሰንጋ ተራ ድረስ መጥቼ፣ ደረጃውን ሁሉ በእግሬ ወጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና፣ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ስለሚሆኑበት መንገድ የሚመክር ስብሰባ ላይ መሆንዎንና ስብሰባውም ምድር ቤት እንደሚካሄድ ነገረችኝ። ምድር ቤት ስደርስ ለሻይ ወጥተዋል ተባልኩ። ሻይ ቤቱ ስደርስ ወደ ቢሮ ተመልሰዋል ተባልኩ። እንግዲህ ሁሉም ሰው ካነበበው ከመካከላቸው አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶ ይነግርዎታል በሚል ተስፋ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ጉባኤዎ ለመጪው የአህጉር ማጣሪያ የእኛ ቡድን እንዲበተንና በምትኩ ዓይናቸው የሚያይ ተጫዋቾች እንዲሰለፉ ወስኗል። የተጫዋቾች ስም ዝርዝር የእርስዎ ፊርማ አርፎበት እስከ ዓርብ ማታ ካልተላከ ከአገራችን ማንም አይሄድም፤ የዓይናማዎቹ ስም ከተላከ ደግሞ ሄደው ይመለሳሉ። ስለዚህ የእኛ ስም ባለበት ወረቀት ላይ እንዲፈርሙልን ነው የምለምነው። ከዚህ ማጣሪያ በኋላ ሌላ የምጠብቅበት ጉልበት እኔ የለኝም፤ ሐኪሙም፣ ደረጃ ስወጣ የሚያቃጭለው ጉልበቴም ይመሰክራሉ። ነገር ግን ሰው ከመለመኑ በፊት የተደረገለትን ማመስገን አለበትና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን በጥቂቱ ላስረዳ። ጎልቦል የዓይነ ስውራን ጨዋታ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ይሰለፋል። ጭል ጭል የሚልላት ምንም ከማይታያት እንዳትበልጥ ሁሉም ዓይናቸውን በወፍራም መሸፈኛ ይሸፍናሉ። ውስጧ ቃጭል ያለባት ከባድ ኳስ ወለል ለወለል ትወረወራለች፤ እኛም ድምፅዋን ሰምተን፣ መሬት ላይ ተጋድመን፣ ባገኘነው የአካል ክፍል እናግዳታለን። ኳሷ በጨዋታ ላይ ሳለች አዳራሹ ጸጥ ማለት አለበት፤ መጮህ የሚቻለው ጎል ሲገባ ወይም ጨዋታው ሲቆም ነው። ከቡድኑ ወንበር ላይ ተጫዋች ለመምራት ድምፅ ከተሰማ ቅጣት አለው፤ ቅጣቱም ሁለቱ ተጫዋቾች ወጥተው አንዷ ብቻዋን ግቡን ሁሉ እንድትጠብቅ ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ በሽኝቱ ንግግርዎ ላይ ከወረቀት አንብበውታል።

አንደኛ፤ ስለ አሸኛኘታችን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ቦሌ ስንደርስ የማርሽ ባንድ፣ እቅፍ አበባና ሦስት ተሽከርካሪ ወንበሮች ይጠብቁን ነበር። እግራችን ደህና መሆኑን፣ እንዲያውም ለአገር የምንወዳደረው በዚሁ እግር መሆኑን ላስረዳ ብሞክር፣ የፕሮቶኮል ሹምዎ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ በደብዳቤው ላይ «አካል ጉዳተኞች» ተብሎ እንደተጻፈ፣ ወንበሮቹም በዚሁ መሠረት ተፈርሞባቸው እንደወጡ፣ ባንቀመጥባቸው የፈረመው ሰው እንደሚጠየቅ ነገሩኝ። ለሰው እንጀራ ሲባል ተቀመጥን። ፎቶው ተነሣ፤ ባንዱ ነፋ፤ ከዚያ ገፊዎቹ ለሌላ እንግዳ ተጠርተው ሄዱ። እኛም ከወንበሮቻችን ተነሥተን፣ ዱላችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን፣ ባዶዎቹን ወንበሮች እየገፋን ወደ ፍተሻው አመራን። ፍተሻ ላይ የነበረው ፖሊስ ሕመምተኞቹ የት እንዳሉ ሲጠይቀን «እኛው ነን» አልነው።

ሁለተኛ፤ አሠልጣኛችንን ሙከሚልን ከመንገድ ድካም ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። ሙከሚል ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስፖርት መምህር ሲሆን፣ ይህን ቡድን ከምንም ተነሥቶ ያቋቋመው እሱ ነው። ይሁን እንጂ የመሄጃው ቦታ ጠባብ ስለነበር፣ እርስዎ፣ ፕሮቶኮልዎ፣ ፎቶ አንሺውና የሞራል ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ወለተሰንበት ከነከበሯቸው ከተመደቡ በኋላ ለእሱ የሚተርፍ አልተገኘም። ያልተመረጠበት ምክንያትም በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለተጫዋቾች ሞራል አይሰጥም ይላል። ጸጥታ ለሚጠይቅ ጨዋታ ዝምተኛ ሰው ትቶ ከበሮ ይዞ መሄድ እኛ ልናስበው የማንችለው ስልት ነበር። ተጋጣሚዎቻችንም አላሰቡትም።

ሦስተኛውን ምስጋና ለማስረዳት ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለት አለብኝ። በእኛ አገር ዓይነ ስውር መንገድ ላይ ብቻውን አይተውም፤ ይህ ደግነት ነው፣ አልክድም። በቅርቡ ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ልይዝ ቆሜ ሳለሁ አንድ አባት፣ ሳይጠይቁኝ፣ ክንዴን ይዘው መንገዱን አሻገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው፤ መቼም ሌላ ምን ይባላል? ልመለስ ስል አንዲት እናት ይዘው አሻገሩኝ፤ እሰየው፣ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ ብዬ ሳልጨርስ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጥቶ እንደገና ወደ ማዶ ወሰደኝ። በመጨረሻ ታክሲው ያለበት ወገን ላይ ለመቆየት ከአንድ ኪዮስክ ጀርባ ተደብቄ መቆም ግድ ሆነብኝ። ሰፈሬ ልደታም ያው ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ከየበረንዳው «በግራ! በግራ! አይዞሽ!» ይዘንብብኛል፤ ከታች ያለው የእኔን ግራ ሲነግረኝ ከላይ ያለችው የራሷን ግራ ትነግረኛለች። ያንን ደረጃ ዓይኔን ጨፍኜ ልወርደው እንደምችል፣ ሌላ መውረጃ መንገድም እንደሌለኝ፣ ለማንም ማስረዳት አልተቻለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደግነት ከነጓዙ ጠቅልላችሁ ባሕር ማዶ ድረስ ይዛችሁልን መጣችሁ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ክቡርነትዎ በአሠልጣኙ ወንበር ላይ፣ ፕሮቶኮልዎ በጎንዎ፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ከበሯቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጣችሁ። ዳኛዋ በድምፅ ማጉያ ጸጥታ ስትጠይቅ፣ የመድረኩ ባለቤት ሲናገር ቁጭ ብሎ መስማት ነውር ነው ብላችሁ ይመስለኛል፣ ወንበር እያንጓጓችሁ ሁላችሁም ብድግ አላችሁ። እንድትቀመጡ ጠየቀች። አመስግናችሁ፣ አጨብጭባችሁ ተቀመጣችሁ።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ ከወዲያ ጫፍ ተነሥታ በእኔና በቢልቂስ መካከል እየቃጨለች ትመጣለች፤ ሁለታችንም ሰምተናታል፤ ልንጋደም ጎንበስ ብለናል። ልክ በዚያች ቅጽበት ክቡርነትዎ አንጀትዎ አልችል ብሎ «በግራሽ! በግራሽ ናት የኔ ልጅ! አይዞሽ!» አሉ። ግራው የእርስዎ ነበር። እኔ የተነገረኝን አምኜ በግራ ተጋደምኩ፤ ኳሷ በቀኝ ገባች። በዚህም ላይ ዳኛዋ ከወንበር ላይ ተጫዋች ተመርቷል ብላ ቅጣት ጨመረችበት፤ ቢልቂስና መይሙና ወጡ፤ እኔ ሰፊውን ግብ ይዤ ብቻዬን ቀረሁ።

አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ብቻዋን ስትቆም ማየት ለአበሻ አንጀት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ኳሷ ተወረወረች፤ ሰማኋት፤ ተወርውሬ በሽንጤ መለስኳት። ገና ጨዋታው ሳይቆም ወይዘሮ ወለተሰንበት «ኧረ ብቻዋን! ኧረ እመቤቴ ድረሽላት!» ብለው ከበሮውን መቱት። ሌላ ቅጣት ተሰጠ። በሁለተኛው ቅጣት ላይም ያው ብቻዬን ነበርኩና ይብስ አዘናችሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ መንዳት ጀመረ፤ ብቻዬን ስሆን ታዝናላችሁ፣ ስታዝኑ ትጮኻላችሁ፣ ስትጮኹ ብቻዬን እሆናለሁ። ቢልቂስ ከሜዳ ውጭ ተቀምጣ እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረጋት ኋላ ነግራኛለች። ከጨዋታው በኋላ የተጋጣሚያችን አምበል በአስተርጓሚ ቀርባ፣ ደጋግማ የሰማችው «አይዞሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእኛ ቋንቋ «ጎል ሊገባብሽ ነው» ማለት ነው አልኳት። አስተርጓሚው ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ሐቁን ለመናገር ከልዑካኑ መካከል ፎቶ አንሺው አንዳች ጉዳት አላደረሰብንም። ቀኑን ሙሉ ፍላሹን ፊታችን ላይ ሲያበራ መዋሉን ሰምቻለሁ፤ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

አራተኛው ስለ ማሊያችን ቀለም ነበር። ጉባኤው ወራት የፈጀ ክርክር አድርጎ፣ በመጨረሻም የእኛን አስተያየት ጠይቆ፣ «ተጫዋቾቹ በጉዳዩ ላይ የጠራ አቋም የላቸውም» ብሎ መዝግቦናል። ስለዚህ አሁንም አቋም ስለሌለኝ አልፈዋለሁ።

አምስተኛ፤ ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ምስጋናዬ ነው። በሁለተኛው ግጥሚያ ዕለት ጠዋት ልዑካኑ በሙሉ ለቤተሰብ ስጦታ ልትገዙ ገበያ ወጣችሁ። እዚያ ያለው የጫማ ዋጋ ርካሽ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። በእናንተ ቦታ አንድ የአማርኛ ቃል የማያውቅ የአስተናጋጁ አገር በጎ ፈቃደኛ ተመደበልን። ሜዳው ድረስ አደረሰን፤ መስመሩን በጣታችን ዳስሰን ቦታችንን ስንይዝ ለቀቀን፤ ሄዶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ልተው። አዳራሹ ዝም አለ። ጢም ብሎ የሞላ አዳራሽ ነበር፣ ሲገቡ ጫጫታቸውን ሰምቻለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ደግሞም ዝም ያለው አዝኖልኝ አልነበረም፤ እኔ እንድሰማ ነው። ከኳሷ ቃጭል ሌላ የቢልቂስ ትንፋሽና የመይሙና ጫማ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ክንዴን የያዘኝ የለም፤ ግራዬን የነገረኝ የለም። ኳሷ ስትመጣ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ቢልቂስ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ እኔ የት እንዳለሁ አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ የኖርኩበት ሰዓት በዕድሜዬ የለም። አሸነፍን። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ያ ዝም ብሎ የቆየ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ወለሉ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ያጨበጭብልኝ የነበረው መድረክ ላይ ሳልወድቅ ስለወጣሁ ነበር። ያን ቀን ያጨበጨቡልኝ ስላሸነፍኩ ነው። በመሸፈኛው ሥር አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። በጎ ፈቃደኛውም አብሮን አለቀሰ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።

ማታ ድሉን ስትሰሙ ደስታችሁ ወሰን አልነበረውም። ባለመገኘታችሁም ከልባችሁ አዝናችሁ፣ ጥፋታችሁን ለመካስ በሦስተኛው ግጥሚያ ከሁሉ ቀድማችሁ፣ በከተማይቱ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሁሉ አስተባብራችሁ ተገኛችሁ። በዚያ ግጥሚያ ስለሆነው ነገር እንዳላወራ ለመይሙና ቃል ገብቼላታለሁ። ከውድድሩ መውጣታችንንና የወይዘሮ ወለተሰንበት ከበሮ በዳኞች እጅ እዚያው አገር መቅረቱን ብቻ ልጥቀስ።

ስድስተኛ፤ ስለ ሪፖርቱ። ጉባኤው የሽንፈታችንን መንስኤ በጥልቀት መርምሮ ያወጣውን ጽሑፍ ስልኬ በድምፅ ሲያነብልኝ፣ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። «ለውጤቱ መጥፋት በዋናነት የተጠቀሰው ምክንያት ተጫዋቾቹ ኳሷን በወቅቱ ለማየት አለመቻላቸው ነው» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥፋት በቡድኑ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እውነት ነው፣ ኳሷን አላየናትም። ቢልቂስ ኩፍኝ ከያዛት ከልጅነቷ ጀምሮ ምንም አላየችም፤ መይሙና ብርሃን ትለያለች፣ ያንኑም ሸፍነንባታል፤ እኔማ ጭራሽ አልሞከርኩም። በዲሲፕሊን የሚያስጠይቅ ከሆነ እኔ ልጠየቅ።

ከመንስኤው የመነጨው የመፍትሔ ሐሳብ ደግሞ ይበልጥ አስደንቆኛል። ሁሉም ተጫዋች ዓይኑ እስከተሸፈነ ድረስ የሚያይ ሰው ቢጫወት ልዩነት የለውም፤ የሚያይ ሰው ግን ከሆቴል ወደ አዳራሽ ሲሄድ መሪ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለመሪ በሚያዘው ቦታ አንድ ተጨማሪ የጉባኤ አባል መጓዝ ይችላል ይላል። ሙከሚል በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፁ፣ ተጫዋች ከመሰለፉ በፊት ዓይነ ስውር መሆኑን የውድድሩ ሐኪም መርምሮ እንደሚያረጋግጥ፣ የሚያይ ሰው ከተገኘ ቡድኑ እንደሚሰረዝ ቢያስረዳ፣ ክቡርነትዎ «ሐኪሙን ቀርበን እናነጋግረዋለን፤ ሰው እንዴት ይጨክናል?» ብለው መለሱ። ጉባኤው አጨበጨበ።

ሰባተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን የሙከራው ግጥሚያ በቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም። ልደታ ባለው አዳራሻችን፣ ለሠርግም ይከራያልና ወለሉ ላይ ከትናንት ሠርግ የረገፈ አበባ ሳይጠረግ፣ እኛና አዲሶቹ ዓይናማዎች ተገጣጠምን። ልጆቹ ከቅርጫት ኳስ የተመለመሉ፣ ረጃጅሞችና ጨዋዎች ናቸው፤ እነሱን በምንም አልወቅስም። ዓይናቸው እንደተሸፈነ የአብስራ የተባለችው የግቡን ቋሚ በደረቷ ገጭታ «ውይ ይቅርታ፣ ጋሼ» አለችው። ሁለተኛዋ ባላት ኃይል ወርውራ በራሷ ግብ ላይ አስቆጠረች፤ ክቡርነትዎም ጎል መሆኑን ሰምተው አጨበጨቡላት። ሦስተኛዋ ቁጭ ብላ ጨዋታው አልቆ እንደሆነ ጠየቀች። እኛም የሚገባውን ጎል መቁጠር ነውር ስለመሰለን ተውነው። ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ የአብስራ፣ መሸፈኛውን አውልቃ ልትሄድ እንደምትችል ከድንጋጤዋ የተነሣ ረስታ፣ እጄን ፈልጋ ይዛ ወደ በሩ እንድወስዳት ለመነችኝ። ወሰድኳት። አይዞሽ አላልኳትም።

በዚህ ውጤት ላይ ጉባኤው የሰጠውን ውሳኔ ግን ሰምቼ ለመሳቅ እንኳ አቅም አጣሁ። ነባሮቹ ተጫዋቾች «በጨለማ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያካበቱት ልምድ» ስላላቸው ግጥሚያው ፍትሐዊ አልነበረም ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። አዲሶቹም እስኪለማመዱ ድረስ ያለ መሸፈኛ እንዲሠለጥኑ ታዘዘ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለማየቴ እንደ ብልጫ ተቆጠረልኝ፤ የተቆጠረልኝም ከቡድኑ ሊያስወጣኝ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። የምለምንዎ አዲስ አዳራሽ አይደለም፤ ማሊያም፣ ባንድም አይደለም። አንድ ፊርማ ነው። የዓይናማዎቹ ስም ከሄደ የውድድሩ ሐኪም የየአብስራን ዓይን በባትሪ ያየዋል፤ እሷም መልሳ ታየዋለች፤ በዚያው ነገሩ ያከትማል። ለአገራችን የተያዘው ቦታ ለሌላ ይሰጣል። መይሙና ልጆቿ ለጎረቤት ልጆች «እናታችን ኳስ ተጫዋች ናት» እያሉ የሚጣሉባት እናት መሆኗ ይቀራል። እኔም ወደዚያ መንገድ ዳር እመለሳለሁ፣ ያገኘኝ ሁሉ ክንዴን ይዞ ወደፈለገው ማዶ ወደሚወስደኝ። ያንን አዳራሽ ባላውቀው ኖሮ ምንም ባልመሰለኝ ነበር። አሁን ግን አውቄዋለሁ፤ ተመልሼ እንዳላየሁት መሆን አልችልም። ይህን ስጽፍ ደሜ ፈልቷል፤ ሆዴም ባብቷል፤ ሁለቱንም ከትሕትናዬ ጋር አንድ ላይ እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

ረጅም ዕድሜና ጤና ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለፕሮቶኮልዎና ለከበሮ ናፋቂዋ ወይዘሮ ወለተሰንበት እየተመኘሁ፣

በርኅራኄዎ ሁለት ጊዜ የተሸነፈች፣ በመቅረትዎ አንድ ጊዜ ያሸነፈች፣ ወደፊትም መቅረትዎን በታላቅ አክብሮት የምትጠባበቅ ታናሽ ተጫዋችዎ፣

ሠርካዲስ ገብረየሱስ
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልልከው ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ተደወለልኝ። ዓርብ ጠዋት ለአዲሱ ቡድን በሚደረገው ሽኝት ላይ እኛ ነባሮቹ ተገኝተን ከክቡርነትዎ እጅ ጥቁር መነጽር በስጦታ እንድንቀበል፣ ቴሌቪዥንም ተጠርቶ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ስለታሰብን ደስ ብሎናል፤ ሦስታችንም እንመጣለን። ሙከሚል የእኛ ስም ያለበትን ዝርዝር አሳትሞ ከኋላችን ይቆማል፤ እስክሪብቶ የምይዘው እኔ ነኝ። መነጽሩን እጅ ነሥተን እንደተቀበልን፣ ካሜራው ገና ከእኛ ላይ ሳይዞር፣ ወረቀቱን አቀርብልዎታለሁ። ክቡርነትዎ ካሜራ ፊት አካል ጉዳተኛን እምቢ ብለው እንደማያውቁ አገር ሁሉ ያውቃል። አስቀድሜ የነገርኩዎት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፤ ጥሩ ክራቫት ያድርጉ።